ከ5,000 ፎቶ ሁለቱ

የፊዚክስ ታሪክ ሲነሳ ሁሌ ኒውተንና አንስታይን ናቸው የሚጠሩት። ዛሬ ስለ ሁለት ፎቶዎች ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ማንቸስተር ውስጥ ጆርጅ ሮቸስተርና ክሊፎርድ በትለር ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች ጉም በሞላበት ሳጥን ውስጥ የሚተዉትን ዱካ ፎቶ ያነሱ ነበር። ከ5,000 ገደማ ፎቶዎች ሁለቱ እንግዳ ሆኑባቸው። በአንደኛው ላይ ከባዶ ቦታ የተነሳ የ"ቪ" ቅርጽ አለ። ዱካ የማይተው፣ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ጥቂት ተጉዞ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። ዛሬ ካዮን የምንለው ነው። ዕድሜው የሰከንድ 10 ቢሊዮንኛ ገደማ ቢሆን ነው። አጭር መሰላችሁ? እንደተፈጠሩ ከሚጠፉት ጎን ሲቆም እኮ ሽማግሌ ነው!

ያኔ ፎቶውን የሚመረምረው የሰው ዓይን ነበር። በኋላ ፎቶው በዛና ዓይን አልበቃ አለ። ፖል ሃፍ የሚባል አሜሪካዊ፣ ማሽን ከነጠብጣቦች መሀል መስመር የሚለይበትን ዘዴ ፈልስፎ በ1962 ፓተንት አገኘበት። (መኪና የአስፋልቱን መስመር እንዲለይም ይኸው ዘዴ አገልግሏል።)

አሁን ወደ ሰርን እንምጣ። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ማሽን ውስጥ የፕሮቶን እሽጎች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ይህን ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። "ትሪገር" የሚባለው ሥርዓት ወዲያው ይመርጣል፣ አብዛኛውን ይጥላል። የተጣለ አይመለስም።

የተቀመጠውም ቢሆን ጣጣ አለው። ነጠብጣቦቹን አገናኝቶ ዱካ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ ዱካ የሚጀምረው ግጭቱ ከተፈጠረበት ቦታ አጠገብ ነው ብሎ ይነሳል። ስንፍና አይደለም። ከየትም ሊጀምር ይችላል ከተባለ ነጠብጣቦቹን የማገጣጠሚያው መንገድ ስፍር ቁጥር ያጣል፣ ኮምፒውተሩም የሌለ ዱካ መፈብረክ ይጀምራል። ግን ረጅም ዕድሜ ያለው ቅንጣት ራቅ ብሎ ነው የሚፈርሰው። ልጆቹ እዚያው መረጃው ውስጥ እያሉ አይታዩም ማለት ነው። ማንቸስተር ላይ ፎቶውን ያየው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ያን "ቪ" እንደ ቆሻሻ ያልፈው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አትላስ የተባለው ሙከራ ራቅ ብለው የሚጀምሩ ዱካዎችን የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረው፤ ግን ከባድ ስለነበር ተመርጠው በወጡ ጥቂት ግጭቶች ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው። ፕሮግራሙ ከተሻሻለ በኋላ፣ በ2022 ከጀመረው ዙር አንስቶ በተቀመጠው ሁሉ ላይ ይሠራል። ከ2015 እስከ 2018 የተሰበሰበውም በአዲሱ ፕሮግራም እንደገና ተነቧል። እስካሁን አዲስ ቅንጣት አልተገኘም፤ ፍለጋው ግን ቀጥሏል።