ስልኩ ይችል ነበር

የቡሬው በርበሬ ሻጭ ለዓመታት ሒሳቡን በስልኩ ያልተቀበለው ስልኩ ስለማይችል ይመስልዎታል? ኬንያውያን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ሲገበያዩ የያዙት ያንኑ የኛን ዓይነት ተራ ቀፎ ነው። ቁልፉ ሌላ እጅ ላይ ነበር።

አፕል የአይፎንን የመክፈያ ቺፕ ለራሱ ዘግቶ ኖሮ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2016 ለተፎካካሪዎች አስከፈተው፤ ለአውሮፓ ብቻ ታዲያ! እኛ ዘንድ ቆላፊው ሕጉ ራሱ ነበር። የመንግሥቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ጀመረ። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 አዲስ አበባ ሲገባ ግን የሞባይል ገንዘብ ለውጭ ኩባንያ ዝግ ነበር። ሕጉ ተሻሻለና ኤም-ፔሳ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ብቅ አለ።

በዚያ ነሐሴ፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር።