የክርንና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕክምና ለድሬዳዋ ነዋሪዎች
በቀፊራና አካባቢው የሚገኙ ተገልጋዮች ለቆየ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ተመርምረው፣ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካሉ። ስብራት ወይም ውልቃት ከተጠረጠረ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

ሕፃናት በእጃቸው ተደግፈው ሲወድቁ ከክርን በላይ ያለው አጥንት ሊሰበር ይችላል። ጉዳቱን በወጌሻ ማሳሸት ወይም አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ሊገታ ይችላል። ጡንቻ ከ6 ሰዓት በላይ ደም ካላገኘ ዘላቂ ጉዳት ይደርስበታል፤ እጅ እስከ መቆረጥም ሊደርስ ይችላል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያውን ወዲያውኑ በማላላት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ትኩሳት ያስከተለ የጉልበት እብጠት የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ መታየት አለበት። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የጉልበት ሕመም በአብዛኛው ክብደት በመቀነስ፣ በፊዚዮቴራፒና በመድኃኒት ይታከማል፤ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው እነዚህ በቂ ለውጥ ካላመጡ ነው።

ተጎጂውን ወደ ሕክምና ሲወስዱ መገጣጠሚያውን ለማቃናት አይሞክሩ፤ ባለበት ሁኔታ ደግፈው ይያዙ። ለአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይደውሉ።