ሶልሚርና የጥቁር ድራጎኖቹ በር

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ የሶልሚርን ዘመቻ ላውጋችሁ።

ሶልሚር መብረቅ የታዘዘለት ጠንቋይ ነው። አገሩ በረዶ፣ ከተማው በበረዶ ላይ የቆመ የጥበበኞች ግንብ። አንድ መብረቅ ሲወረውር ያ መብረቅ የመጀመሪያውን ጠላት መትቶ አይበቃውም፤ ወደ ሁለተኛው ይዘላል፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ኃይሉ በየዝላዩ በግማሽ እየቀነሰ ሰልፉን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ጀግና የደረሰው ተጫዋች ማን ይችለኛል ብሎ ነው የሚነሳ። እኔም ማን ይችለኛል ብዬ ተነሣሁላችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው «ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3» በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ነው። ጌሙ ጥድፊያ የለበትም፤ በተራ ነው። ጀግናችሁን የቻለውን ያህል ታስኬዱታላችሁ፣ ከተማችሁ ውስጥ በቀን አንድ ሕንፃ ትሠራላችሁ፣ ቀኑን ትዘጋላችሁ። ከዚያ ተራው የጠላት ነው። ሰባት ቀን ሲሞላ አዲስ ሳምንት ይገባና በየከተማው አዲስ ወታደር ይገኛል። ወርቅ፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ሜርኩሪ፣ ድኝ፣ ክሪስታል፣ ዕንቁ፤ ሀብቱ ሰባት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል።

ይህን ዘመቻ የተጫወትኩበት ካርታ ግን ከጌሙ ጋር የመጣ አልነበረም። አንድ የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ የሠራው ነው። ጌሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ካርታ መሥሪያው አብሮት ስለወጣ፣ ትዕግሥት ያለው ሁሉ የራሱን ዓለም መሥራት ይችላል። ትልቁ ካርታ በጎን 144፣ በቁመት 144 ካሬ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ሁለተኛው ዓለም ሲታከልበት 41,472 ካሬ ይሆናል። ያን ሁሉ አንድ ሰው ዛፉን በዛፍ፣ ዓለቱን በዓለት ይሞላዋል። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ።

ታዲያላችሁ ጉዞ ጀመርን። ከከተማው በር ወጣ እንዳልኩ መንገድ ዳር የእንጨት ምልክት ቆሟል። አነበብኩት። ምሥራቁ አጭሩ መንገድ ነው፣ ሰሜኑ ረጅሙ፤ የቸኮለ በምሥራቅ ይሂድ ይላል። በምሥራቅ ሄድኩ። ጥቂት እንደተጓዝኩ ግራና ቀኙ ተራራ የሆነ ጠባብ በር አገኘሁ፤ በሩ ላይ ጥቁር ድራጎኖች ተኝተዋል። ጌሙ ከሩቅ ቁጥራቸውን አይነግራችሁም፣ ጥቂት ናቸው ወይም መንጋ ናቸው የሚል ቃል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። እነዚህ መንጋ ነበሩ። ጥቁር ድራጎን ደግሞ ምን ዓይነት ፍጥረት መሰላችሁ? አስማት የሚባል ነገር አይነካውም። መብረቅ የለ፣ እሳት የለ፣ እርግማን የለ።

እንግዲህ ተመልከቱ። ካርታ ሠሪው በመብረቅ የታወቀውን ጀግና እጄ ላይ አስቀምጦ፣ መብረቅ የማይነካቸውን በሩ ላይ አስተኝቷል። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም። እንቆቅልሽ ብሎኛል ማለት ነው፤ እኔም ምን አውቅልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ካልፈታሁት አገር ስጠኝ ይለኛል፤ እዚህ ጌም ውስጥ ደግሞ አገሩ በእውነት ነው የሚሄደው።

ካርታ ሁሉ ግን በሰው እጅ አይሠራም፤ «አርማጌዶንስ ብሌድ» ከሚባለው ማስፋፊያ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ራሱ ካርታ ያወጣላችኋል። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ አዲስ ዓለም ይቀርብላችኋል፣ ለፈጣን ፍልሚያም ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ድራጎኑ እዚያ የተቀመጠው ስሌቱ ስለወሰነ ነው። ሰው በሠራው ካርታ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጀርባ የሆነ ሰው አለ፤ እዚህ ሲደርስ ምን ያስብ ይሆን ብሎ ስለ እኔ ያሰበ ሰው። ጌሙን የሠራው ኒው ወርልድ ኮምፒውቲንግ ዛሬ የለም፤ አሳታሚው ስሪ ዲኦ በ2003 ከስሮ የጌሙን መብት ዩቢሶፍት ገዛው። ካርታ መሥራቱ ግን አልቆመም። እንዲያውም በ2011 አፍቃሪዎቹ «ሆርን ኦፍ ዘ አቢስ» የሚባል የራሳቸውን ማስፋፊያ አወጡለት፣ አዲስ ከተማም ጨመሩበት። ኩባንያ ሲያልፍ ጌሙን ያቆዩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ምስጋናም የሚገባቸው እነሱ ናቸው እላለሁ።

ወደ ሶልሚር እንመለስ።

ወደ ሰሜን ዞርኩ። በሰሜን መንገዱን ባለ ቀለም ዘቦች ዘግተውታል። የዘቦቹ ሕግ ቀላል ነው፦ የይለፍ ቃል ካልያዝክ አታልፍም። ቃሉ ያለው የዘቡ ዓይነት ቀለም ባለው ድንኳን ውስጥ ነው። የአረንጓዴውን ድንኳን ጎበኛችሁ፣ የአረንጓዴው ዘብ ይለቃችኋል። ካርታ ሠሪው ታዲያ ምን አደረገ? አረንጓዴውን ድንኳን ከቀዩ ዘብ ጀርባ፣ ቀዩን ድንኳን ከመሬት በታች፣ የመሬት በታቹን መግቢያ ደግሞ ቀደም ብዬ ባለፍኩት ጫካ ውስጥ ሸሸገው። መብረር የሚያስችለውንና ከቦታ ቦታ የሚያሻግረውን አስማት ከካርታው ላይ ሰርዞታል። እነዚያ ቢኖሩ ዘቡን ሁሉ በላዩ ዘልዬ እሄድ ነበር። በእግርህ ሂድ ነው ነገሩ።

በእግሬ ሄድኩ። በየድንኳኑ መንገድ ላይ ረጃጅም ሐውልቶች ቆመው አገኘሁ። ሐውልት የጎበኘ ጀግና የአንድ ሥዕል ቁራጭ ይገለጥለታል፤ ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ግሬይል የሚሉት ጽዋ የተቀበረበትን ቦታ ያሳያሉ። ያን ጊዜ ነው የምሥራቁ በር እንቆቅልሽ የተፈታልኝ። ጥቁር ድራጎንን ፊት ለፊት የሚችለው ቲታን የሚባለው ወታደር ነው፤ በተፈጥሮም ጠላቶች ስለሆኑ ቲታን ድራጎኑን ሲመታ ምቱ በግማሽ ይጨምራል። የቲታን ቤት ደግሞ በእኔው ከተማ ይሠራል! ችግሩ አንዱ ቲታን 5,000 ወርቅና 2 ዕንቁ ይፈልጋል፤ ግንቡ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ በሳምንት ሁለት ብቻ ነው የሚገኘው። ጽዋውን ያገኘ ሰው ግን ከተማው ውስጥ የሚሠራለት ሕንፃ በየቀኑ 5,000 ወርቅ ያስገባለታል፣ የወታደሩንም ቁጥር በግማሽ ያሳድግለታል። በቀን የአንድ ቲታን ወርቅ ማለት እኮ ነው!

ጽዋው በበረዶው ሜዳ መሐል ነበር። ቁፋሮ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ጀግናው ማለዳ ተነሥቶ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳይሄድ መቆፈር አለበት። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ቦታው ድረስ ሄጄ አደርኩ፣ ሲነጋ ቆፈርኩ። ወጣ! ይዤው ወደ ከተማዬ ተመለስኩና ያ ሕንፃ፣ በሰማይ ላይ የሚንሳፈፈው መርከብ፣ ተሠራ። የካርታው ጨለማ በአንድ ጊዜ ተገፈፈ። ከድራጎኖቹ በር ማዶ የጠላቴ የሳንድሮ ከተማ ታየኝ፤ ሳንድሮ ሙት አስነሺው፣ በየጦርነቱ ከወደቀው ሁሉ አጽም እያስነሣ ሠራዊቱን የሚያበዛው። አጽሞቹ መንገዱን ሞልተውታል። መቆየት አይቻልም ነበር።

ቲታኖቹን ሰብስቤ ወደ በሩ ሄድኩ። ይህችን ውጊያ በደንብ ስሙኝ። ጀግና ሊያሰልፍ የሚችለው ሰባት ክፍል ጦር ነው። በአንዱ ቲታኖቹን፣ በአንዱ ናጋ የሚባሉትን ወታደሮቼን አደረግኩ። በቀሩት አምስቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ጋርጎይል የሚባል አንድ አንድ በራሪ ወታደር ብቻ አቆምኩ። የድራጎን ፍጥነት 15፣ የቲታን 11 ነው፤ ስለዚህ ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸው። መጡ። አንዱ ክፍል በቀጥታ ቲታኖቹ ላይ ወረደ፤ ሌላው ለአንዲት ጋርጎይል ሲል ሙሉ ተራውን አጠፋ። እሳታቸው ከፊት ያለውንም ከኋላው የቆመውንም ስለሚያቃጥል፣ ጦሬን አራርቄ ነበር ያሰለፍኩት።

አሁን ተራዬ ደረሰ። ቲታኖቹን ወዲያው አላስመታኋቸውም፤ ጠብቁ አልኳቸው። ምክንያቱም በዚህ ጌም የተመታ ወገን በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው አጸፋ የሚመልሰው። አንዲት ጋርጎይል በርራ ድራጎኖቹን ጫር አደረገቻቸው፤ አጸፋውን እሷ ላይ ጨርሰው ገደሏት። ናጋዎቹ ቀጠሉ፣ ናጋን ከመጀመሪያውም አጸፋ የሚመልስላት የለም። ሲጠብቁ የቆዩት ቲታኖች ከዚያ ተነሡ፤ አጸፋቸውን የጨረሱትን ድራጎኖች ወቀጧቸው። ሶልሚርም ሥራ አልፈታም፤ አስማቱ ጠላቶቹን ባይነካም የራሱን ወታደሮች ቆዳ እንደ ድንጋይ ያጠነክር ነበር። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ጋርጎይል፣ ሌላ አጸፋ፣ እንደገና ናጋ፣ እንደገና ቲታን። በሩ ተከፈተ።

የሳንድሮ ነገር ከዚያ በኋላ አልረዘመም። አጽም መብረቅን አይችልም። ያ ዘመቻውን ሙሉ ታፍኖ የቆየው መብረቅ ከሰልፍ ሰልፍ እየዘለለ አመድ አደረጋቸው፣ ከተማዋም እጄ ገባች።

ድሉ ሲታወጅ ጌሙን ዘግቼ ካርታውን በመሥሪያው ከፈትኩት፤ የሰውየውን ሥራ ከውስጥ ማየት ፈልጌ። ምሥራቁ በር ላይ ሄጄ ድራጎኖቹን ነካኋቸው። በካርታ ላይ የተቀመጠ ጠባቂ ሁሉ በየሳምንቱ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል፤ መንገዱ ላይ የዘገየ ተጫዋች በመጨረሻ የሚያገኘው ከሚችለው በላይ የሆነ ጠላት ነው። እነዚህ ግን እንዳያድጉ የምታደርገው ምልክት ተደርጋባቸዋለች። ሰውየው ረጅሙን መንገድ ለመረጠ ተጫዋች በሩን በልኩ አቆይቶለታል። ሰሜን ለሰሜን ስዞር፣ ድንኳን ለድንኳን ስባዝን፣ ድራጎኖቹ በመጀመሪያው ቀን ቁጥራቸው ልክ ተኝተው ሲጠብቁኝ ነበር።

መሥሪያውን ዘጋሁት። ካርታው በሳንድሮ ወገንም መጫወት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኩል ደግሞ ሌላ ምልክት መንገድ ዳር እንዳለ አይቼ ነበር፣ ጽሑፉን ግን ሳልከፍተው ተውኩት። ቀዩን ባንዲራ መርጬ አዲስ ጨዋታ ጀመርኩ፤ ሳንድሮም ከከተማው ወጥቶ ወደ ምልክቱ አቀና።