የቡዳፔስቱ ካርቡራተር

ባቱ ከተማ፣ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ የመስኖ ፓምፕ ሞተር እጠግናለሁ። ገበሬው «አልነሳ አለኝ» ብሎ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምፈታው ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ነው። ከሥሩ ያለውን ትንሽ የነዳጅ ጽዋ ስከፍት ተንሳፋፊዋን አገኛታለሁ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን በመርፌዋ ትዘጋለች፣ ሲጎድል ወርዳ ትከፍታለች። ከሞተር ክፍሎች ሁሉ እጅግ የማደንቀው ይህቺን ነው።

ካርቡራተር ግን መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመዘገበው የካርል ቤንዝ ባለሦስት እግር መኪና አየርን በቤንዚን ላይ እያሳለፈ እንፋሎቱን ብቻ ይስብ ነበር። ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ስለሚተን የቀረው ነዳጅ እየከበደ፣ ሞተሩም እየደከመ ይሄዳል። በ1893 ሁለት ሀንጋሪያውያን፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ረጭቶ ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡራተር አስመዘገቡ። ሐሳቡ የመጣላቸው ቡዳፔስት ውስጥ አንዲት አበባ ሻጭ ልጅ በቱቦ እፍ እያለች አበባዋ ላይ ውኃ ስትረጭ አይተው ነው ይባላል። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽም የራሱን አወጣ፤ ዓለም አብዝቶ የሚያነሣው የእሱን ስም ነው። የሀንጋሪዎቹ ስም እኩል ሊነሣ ይገባል ባይ ነኝ።

የአሠራሩ መሠረት ግን መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማቸዋል። ጣሊያናዊው ቬንቱሪ በ1797 ባሳተመው ጥናት ስለ ፈሳሽና ስለ ጠባብ መተላለፊያ ጽፏል። በካርቡራተሩ ወገብ ላይም አየሩ ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም ተስቦ ይወጣል። የሚወጣበት ቀዳዳ በፓምፕ ሞተር ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ከደፈነው ማሳው ውኃ አያገኝም።