የምግብና የመጠጥ ጉዞ በኢትዮጵያ

የምግብ ጉዞ የአንድን አካባቢ ምግብና መጠጥ በተፈጠረበት ስፍራ ለመቅመስ፣ አሠራሩን ለማየትና ከባለሙያዎቹ ጋር ለመተዋወቅ ተብሎ የሚደረግ የጉብኝት ዓይነት ነው። ሐይቅ ወይም ገዳም ለማየት የሄደ ሰው በመንገዱ ላይ ምሳ ይበላል፤ የምግብ ተጓዥ ግን መንገዱንም፣ ቀኑንም፣ ማረፊያውንም የሚመርጠው ገበታውን አስቀድሞ ነው። በኢትዮጵያ የዚህን ጉዞ መሳካት የሚወስነው ከቦታው ይበልጥ ጊዜው ነው። የጾምና የፍስክ ወራትን፣ የአዝመራና የቡና ለቀማን ወቅት ሳይጠይቅ የተነሳ ሰው በትክክለኛው ከተማ ውስጥ ሆኖም የፈለገውን ላያገኝ ይችላል።

አመጣጡ

ለምግብ ሲባል መጓዝን በጽሑፍ ካስፋፉት መካከል የፈረንሳዮቹ ጎማ አምራቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ወንድማማቾቹ እ.ኤ.አ. በ1900 ለአሽከርካሪዎች በነፃ ያደሉት መመሪያ ዓላማው ሰው ብዙ እንዲነዳ ማድረግ ነበር። መመሪያው በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ቆይቶም የኮከቦቹን ትርጉም ገለጸ። ሁለት ኮከብ ያለው ቤት ከመንገድ ወጣ ብሎ መሄድ ይገባዋል፤ ሦስት ኮከብ ያለው ደግሞ ለራሱ ተብሎ መጓዝ ይገባዋል። የምግብ ጉዞ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ጀርመን በ1935 የወይን መንገድ ብላ የሰየመችውን የጉብኝት መስመር ከፈተች። በጣሊያን በ1980ዎቹ የተነሳው ስሎው ፉድ የተባለው እንቅስቃሴም ትኩረቱን ከምግብ ቤቱ ወደ ገበሬው አዞረ፤ ይኸው ድርጅት የወንጪን ማር፣ የትግራይን ነጭ ማርና የሐረና ደንን የዱር ቡና ሊጠበቁ ይገባቸዋል ካላቸው የዓለም ምርቶች ጋር መዝግቧቸዋል።

ጾም፣ ፍስክና አዝመራ

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር፣ የጾም ቀናት ናቸው። በዚህ ላይ 55 ቀን የሚቆየው ሁዳዴ፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የሚዘልቀው የሐዋርያት ጾም ይጨመራሉ። በሁዳዴ በአዲስ አበባና በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ለገና ከውጭ አገር የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ አገር ቤት የሚደርሱት በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ማለትም በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። የእናቱን ዶሮ ወጥ ናፍቆ የመጣ ሰው እስከ በዓሉ መታገሥ ግድ ይለዋል።

ይህ ሲባል ግን ጾም ለምግብ ተጓዥ ባዶ ጊዜ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ብልሃቱ በሙሉ የሚታየው በጾም ነው። የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ እልበት፣ አዚፋ፣ ቡቲቻ፣ የእንጉዳይ ወጥ በፍስክ ወራት በየምግብ ቤቱ የሚገኙ አይደሉም፤ ቢገኙም እንደ ሁዳዴው ሰሞን በጥንቃቄ አይሠሩም። ሥጋ የማይበላ እንግዳ ካለ ከየትኛውም ወር ይልቅ በሁዳዴ ቢመጣ ይሻለዋል። ዓሣን በተመለከተ ልማዱ ከቦታ ቦታና ከሰው ሰው ይለያያልና አስተናጋጁን መጠየቅ ይበቃል።

በሐረር፣ በድሬዳዋና በጅማ ደግሞ የረመዳንን ወር ማወቅ ያስፈልጋል። ወሩ የሚቆጠረው በጨረቃ በመሆኑ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል። ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤቶች ጭር ይላሉ፤ ከመግሪብ በኋላ ግን መንገዱ በሳምቡሳ፣ በሾርባና በተምር ይደምቃል፤ ቀኑን በዕረፍት አሳልፎ ማታ ለመውጣት ለተዘጋጀ ሰው ከዓመቱ የተሻለው ጊዜ ነው።

የእርሻው አቆጣጠርም እንዲሁ ይመራል። የበቆሎ እሸት በክረምት፣ የባቄላና የሽምብራ እሸት ከመስከረም በኋላ ይደርሳል። የትግራይ በለስ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። በደጋው አገር ማር በብዛት የሚቆረጠው ዝናቡ አልፎ አደይ አበባ ከፈካ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው።

ጉራጌና የእንሰት ምድር

አንድ የምግብ ጉዞ ብቻ ለማድረግ ዕድል ያለው ሰው የመስቀልን ሰሞን በጉራጌ ቢያሳልፍ ጥሩ ምርጫ አድርጓል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በ155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ከመስከረም 10 በኋላ ግን በየከተማው በንግድ የተሰማሩ የጉራጌ ተወላጆች ወደ ቀያቸው ስለሚጎርፉ መጓጓዣ ይጠፋል፤ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያሻል። በዓሉ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ዋናው እርድ ከመድረሱ በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ፤ ጎመኑ ልሞ ተከትፎ በአይብና በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ከእርዱ በኋላ የሚቀርበው ክትፎ ከተማ ውስጥ ከሚታወቀው ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም፣ ቅቤው ለዓመት በዓሉ ተብሎ ለወራት የተጠራቀመ፣ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ነው። በጣባ ቀርቦ በቀንድ ማንኪያ ይበላል። ለብ ለብ ይደረግልኝ ማለት ነውር የለውም።

የክትፎው ጓደኛ ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ነው። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶች ግንዱን በቀርከሃ ፍቀው፣ ሥሩን ጨቅጭቀው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ እዚያም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይብላላል። ከፍቆሽ የሚጠለው ነጩ ዱቄት ቡላ ሆኖ ለገንፎ ይውላል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ተክል ይኖራል ተብሎ ይገመታል፤ ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ የሚነሱ ብዙ ጎብኚዎች ሲፋቅ አይተውት አያውቁም። ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ ያሉት ዶርዜዎች ይህን ከፍቆሹ እስከ ምጣዱ ለእንግዳ ያሳያሉ፤ ትኩሱን ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ መግቢያ አይገኝም።

በሲዳማ የዘመን መለወጫው ፊቼ ጨምበላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው፣ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡርሳሜ በጋራ የሚበላበት በዓል ነው። ቀኑን የሚያውጁት አያንቶ የሚባሉ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለያያል። ሆቴል ከመያዝ በፊት ሐዋሳ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ቡና

ከፋ ከጅማ በደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል፤ ብሔራዊው የቡና ሙዚየም በቦንጋ ሲሆን፣ የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ቡናው እዚህ ማሳ ላይ በረድፍ የተተከለ አይደለም፤ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅል ነው። ለቀማው እንደ ቦታው ከፍታ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ብዙ ተጓዦች የማያስተውሉት አንድ ነገር ግን አለ። በጥቅምት የሚመጣ ሰው ቀዩን ፍሬ ሲለቀም ያያል እንጂ በስኒው የሚቀዳለት ያለፈው ዓመት ቡና ነው፤ አዲሱ ፍሬ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ዐርፎ እስኪቆላ ሳምንታት ያልፋሉ። ለቀማን ለማየት ጥቅምትና ኅዳር፣ አዲሱን ቡና ለመጠጣት ግን ጥርና የካቲት ይሻላሉ።

ይርጋጨፌ የሚገኝበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡና፣ እንሰትና ትላልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ አብረው የሚኖሩበት አገር ስለሆነ ቡናውንም ቆጮውንም በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል። የሐረር ቡና ደግሞ በፀሐይ ከነገለፈቱ የደረቀ ነው፤ በአካባቢው ከቅጠሉ የሚፈላው ቁቲም ይጠጣል። በደቡብና በምዕራብ አንዳንድ ቦታዎች ቡና በጨው ወይም በቅቤ ይቀርባል፤ ስኳር ከመጠየቅ በፊት አንዴ እንደ ባለቤቶቹ መቅመስ ይገባል።

ሐይቆች፣ ሐረርና ትግራይ

በስምጥ ሸለቆ መስመር ዝዋይ (ባቱ) ዓሣና ወይን በአንድ ከተማ የሚገኙበት ስፍራ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚያ ካለማው የወይን እርሻ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት ወይኖች የዚሁ ቦታ ናቸው። ዓሣ ለሚወድ ግን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ይበልጣል። ዓሣ አጥማጆቹ በጠዋት ያወጡት እዚያው ይጠበሳል፣ በሾርባም ይቀርባል። ከረፋዱ በኋላ የሚደርስ ሰው የቀረውን ነው የሚያገኘው።

የሐረር ጀጎል ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኗል። በከተማዋ ገበያዎች የግመል ሥጋ፣ ሐልዋና ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። በትግራይ፣ በተለይም በዓጋመ፣ ከተቆላ ገብስ ዱቄት የሚድቦለቦለው ጥሕሎ ሹል ጫፍ ባለው እንጨት እየተወጋ ከቀይ ወጥ ጋር ይበላል፤ ከነጭ ማሩ የሚጣለው ሜስም የአገሩ መጠጥ ነው። ወደ ሰሜኑ ክፍል ከመነሳት በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ማረጋገጥ የግድ ነው።

መጠጦች

ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ይጣላል፤ ጥሩው ሳምንታት ይፈልጋል። ከስኳር የተጣለው ከማር ጠጅ ጋር በአንድ ብርሌ ቢቀዳም ራስ ምታቱ ይለየዋል። ስለዚህ ጠጅ ቤት ከመምረጥ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። የአልኮል መጠጥ ለማይጠጣ ብርዝ አለ። ጠላ በየአገሩ ይለያያል፤ የኮንሶው ጨቃና የደቡቡ ቦርዴ ወፍራም፣ ከእህል የሚሠሩና ጥጋብ የሚሰጡ ናቸው፤ በእርሻ ቀን ለገበሬው ምሳም ይሆናሉ። አረቄ፣ በተለይ ዳግሙ፣ ብርቱ ነው። ጠጥቶ ማሽከርከር የማይታሰብ ስለሆነ ከመጠጡ ቦታ በእግር የሚደረስ ማረፊያ መያዝ የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል።

ጥንቃቄና ሥርዓት

በኢትዮጵያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአብዛኛው አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ሥጋ ቤቶችም በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ይለያሉ። የተለያየ እምነት ያላቸው ጓደኞች አብረው ሲጓዙ ይህን ከመነሳታቸው በፊት ካልተነጋገሩበት አንዱ ወገን ጦሙን ያድራል። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ክትፎ የኮሶ ትል ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ እርጉዝ ሴት፣ ሕፃንና ሕመምተኛ የበሰለውን ቢመርጡ ይሻላል፤ የበላም ሰው ሆዱ ከታወከ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ያልፈላ ወተት መተው ነው።

የገጠር ቤት እንግዳ መቀበልን እንደ ንግድ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ዋጋ የማይጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ግን ያለ ክፍያ ለመሄድ ምክንያት አይሆንም። በአካባቢው አስጎብኚ በኩል አስቀድሞ ቢጠየቅ፣ ካልሆነም ሲኬድ ቡና፣ ስኳር ወይም ሳሙና ቢያዝ ያስከብራል። በወንጪም ሆነ በዶርዜ፣ በጉራጌም ሆነ በከፋ፣ እንሰቱን የፋቀችው፣ ጠላውን የጠመቀችው፣ ቡናውን የቆላችው በአብዛኛው ሴት ናት፤ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ ለአስጎብኚው ወይም ለአባወራው ይሰጣል። እባክዎ ለባለሙያዋ በእጇ ይክፈሉ።