የማይሞላው ፍንጃል



በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ያገለገላችሁ ሁሉ ይህችን ትንሽ እፍረት ሳታውቋት አትቀሩም። እንግዶች በመጅሊሱ ተቀምጠዋል፤ ደላው በእጃችሁ ነው። እናታችሁ እንዳስተማረቻችሁ ፍንጃሉን እስከ አፉ ሞልታችሁ ታቀርባላችሁ። እንግዳው ፈገግ ይላል፤ የቤቱ እመቤት ግን ፊቷ ይለወጣል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በማዕድ ቤት ምክንያቱ ይነገራችኋል፦ የተሞላ ፍንጃል «ጠጥተህ ቶሎ ሂድ» ማለት ነው። በአገራችን ጎደሎ ሲኒ ማቅረብ ነውር ነው፤ በዚህ ግን ነውሩ መሙላት ሆኖ ይገኛል።

እጅም ይቸገራል። እኛ ጀበናውን በቀኝ እጃችን ይዘን፣ ሲኒዎቹን ረከቦት ላይ ደርድረን ቁጭ ብለን እንቀዳለን። በዚህ ቀጂው ቆሞ ደላውን በግራው፣ ፍንጃሉን በቀኙ ይይዛል፤ እንግዳው ፊት ቀድቶ በቀኙ ይሰጣል። የሚቀዳው የፍንጃሉ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ፍንጃሉ እጀታ ስለሌለው ቢሞላ ጣት ያቃጥላል፤ ዋናው ነገር ግን ቀጂው ደጋግሞ እንዲመለስ ነው። እንግዳው በቃኝ ሲል ፍንጃሉን ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ እስኪያደርገው ድረስ ቀጂው አጠገቡ አይጠፋም። የአክብሮቱ መለኪያ እንግዲህ የቀጂው መመላለስ ነው ማለት ነው። በበዓል ቀን ሃምሳ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ይህን የሠራች እህት፣ ምን ያህል እርምጃ እንደሆነ እግሯ ያውቀዋል።

ይህ ልዩነት ባዕድነታችንን የሚያስታውሰን ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ሁለቱ ልማዶች በአንድ ባሕር ግራና ቀኝ ያደጉ ዘመዳሞች ሆነው እናገኛቸዋለን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቡና በስፋት ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ዐረብ ደራስያን አንዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረው ዐብድ አልቃድር አልጀዚሪ ነው። እርሱ እንዳስተላለፈው፣ አልዘብሐኒ የተባለ የዓደን የሕግ ሊቅ ከየመን ማዶ ወዳለው የአፍሪቃ ምድር ተሻግሮ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አየ። ወደ ዓደን ተመልሶ በታመመ ጊዜ ያየውን አስታውሶ ሞከረው፤ ድካምንና እንቅልፍን የሚያስወግድ ሆኖ አገኘው። አልዘብሐኒ የሞተው በ1470 ገደማ ነው። ከእርሱ ወደ ሱፊዎች፣ ከሱፊዎች ወደ መካና ወደ ካይሮ ተሻገረ። እንግዲህ የዐረቡ ዓለም የራሱ መጽሐፍ የመጠጡን መነሻ ከባሕሩ ወዲያ፣ ከእኛ ወገን ያደርገዋል።

በካይሮ በአልአዝሀር ይማሩ የነበሩ የመን ሱፊዎች በሰኞና በዓርብ ዋዜማ ሌሊት ለጸሎት ሲሰበሰቡ ቡናውን ከቀይ ሸክላ በተሠራ ትልቅ ዕቃ ያኖሩት ነበር። አለቃቸው በትንሽ መቅጃ እየጨለፈ በቀኝ በኩል ላለው ይሰጣል፤ እርሱም ከጠጣ በኋላ ወደ ቀኙ ያሳልፋል። ዛሬም በመጅሊሱ ፍንጃል የሚዞረው በቀኝ በኩል ነው። ቡና በመጀመሪያ በዐረቦች ዘንድ የታወቀው ለሌሊት ጸሎት መትጊያ ሆኖ መሆኑን ማስታወስ መልካም ነው፤ የጨዋታና የወሬ መጠጥ የሆነው ቆይቶ ነው።

ቃላቱም ዝምድናውን አይደብቁም። ዐረቦች ፍሬውን «ቡን» ይሉታል፤ እኛ «ቡና» እንላለን። መጠጡን «ቀህዋ» ይሉታል፤ ይህም ቃል ከቡና በፊት የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። «ፍንጃል» የእነርሱ «ፊንጃን» ነው። «ሲኒ» የምንለውም በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ሲሆን፣ የቻይና ሸክላ በመርከብ ወደ ቀይ ባሕር ይመጣ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። ሄል እዚህም እዚያም ሄል ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የእናቶቻችን አቦል፣ ቶናና በረካ ነው፤ በረካ ጥርት ያለ ዐረብኛ ሲሆን፣ አቦል ከ«አወል»፣ ቶናም ከ«ሣኒ» እንደመጡ ይታመናል፤ አንደኛና ሁለተኛ ማለት ናቸው። በመንደራችን ሦስተኛውን ሲኒ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው በረከት ረግጦ እንደሄደ ይቆጠርበታል። በድዊዎችም እንዲሁ ፍንጃሎቻቸውን ስም አውጥተው ይቆጥራሉ፦ አስተናጋጁ ለደኅንነት ማረጋገጫ ቀድሞ የሚቀምሰው ሀይፍ፣ የእንግዳው ደይፍ፣ የደስታው ከይፍ፣ በመጨረሻም ሰይፍ። ሰይፍ በእነርሱም በእኛም ቋንቋ ሰይፍ ነው፤ ይህን አራተኛውን የጠጣ ሰው ከቤቱ ባለቤት ጎን ቆሞ ሊዋጋ ቃል እንደገባ ይቆጠር ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ጠብ አልመጣም። በ1511 የመካ የገበያና የሥርዓት ሹም የነበረው ኻይር በይ፣ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አገኘ። ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ሰብስቦ መጠጡን አስከለከለ፤ በከተማይቱ የተገኘውም ቡና በአደባባይ ተቃጠለ። ከካይሮው ሱልጣን የመጣው ትእዛዝ ግን ስብሰባውን እንጂ መጠጡን የሚከለክል አልነበረም፤ ክልከላውም ብዙ አልቆየም። በእኛም አገር ክርስቲያኖች ቡናን ከእስልምናና ከጥንታዊው የኦሮሞ እምነት ጋር አያይዘው ለረጅም ዘመን ይርቁት ነበር። ይህ ክልከላ መላላት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ቡና ጠጪ ነበሩ። ስለዚህ «ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው» የምንለው ሥነ ሥርዓት በብዙ የደጋ ክርስቲያን ቤት እንደምናስበው ያረጀ አይደለም። ይህን ለእናቴ ብነግራት አታምነኝም ነበር።

ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ ትጠይቁኝ ይሆናል። ታሪኩን በመጀመሪያ አሳትሞ ለአውሮፓ ያሰማው በሮም የምሥራቅ ቋንቋዎች መምህር የነበረው ማሮናዊው ፋውስቱስ ናይሮን ነው፤ ዓመቱ 1671። በእርሱ መጽሐፍ የእረኛው ስም የለም፤ እንስሳቱም ግመሎች ወይም ፍየሎች ናቸው ይላል፤ ስፍራውም የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስም በኋላ የተጨመረ ነው። የሊባኖስ ማሮናውያን ወንድሞቻችን በዚህ ቢኮሩ አይፈረድባቸውም፤ እኛ ግን አፈ ታሪኩን ከነውበቱ እንተወውና ወደ ሰዎቹ እንመለስ።

ቡናው ከየመን ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር መልኩን ለውጧል። የየመን ገበሬ ፍሬውን በሞካ ወደብ ለነጋዴ ሸጦ፣ ለራሱ ገለባውን በዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣ ነበር፤ መጠጡ ቂሽር ይባላል፤ ዛሬም አልጠፋም። በሐረርም ገለባውና ቅጠሉ ይፈላል፤ የቅጠሉን ቁቲ ይሉታል። ደሃው የደከመበትን ፍሬ ለሀብታም ልኮ በገለባው የሚጽናናበት ታሪክ ከባሕሩ በሁለቱም ወገን አለ። በባሕረ ሰላጤው ፍሬው እምብዛም ሳይጠቁር ይቆላና ሄል፣ አንዳንዴም ዛፍራን ወይም ቅርንፉድ ይገባበታል፤ ስኳር ስለማይጨመርበት ተምር ይቀርባል። በኢስታንቡል በ1550ዎቹ ሁለት ሶርያውያን፣ አንዱ ከሐለብ ሌላው ከደማስቆ መጥተው፣ የቡና ቤት ከፈቱ። እንደ ዱቄት የደቀቀው፣ አተላው ከሥር የሚቀረው ቡና በሊባኖስ፣ በሶርያና በፍልስጥኤም ተስፋፍቷል። በዚያ በለቅሶ ቤት ቡና ያለ ስኳር መራራውን ይቀርባል። ለእርቅ ወይም ልጅ ለመጠየቅ የመጡ ሽማግሌዎችም የቀረበላቸውን ፍንጃል መሬት ያስቀምጡና «ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንጠጣም» ይላሉ። ባለቤቱ «ጠጡ፣ ተፈጽሟል» እስኪል ድረስ ቡናው ይቀዘቅዛል። ያልተጠጣ ቡና እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው በማየቴ ተደንቄአለሁ።

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ሱልጣኑ፣ ሊቁና ነጋዴው ስም አላቸው። የሚቆላው፣ የሚወቅጠው፣ የሚቀዳው ስም የለውም። ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ አንድ ገጽ ስላነበብሁ ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት።

በ1862 ዊልያም ጊፎርድ ፓልግሬቭ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በዚያን ጊዜ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ የሶርያ ሐኪም መስሎ በሰሜን ዐረቢያ ወደምትገኘው አልጀውፍ ገባ። በጋፊል ቤት በእንግድነት ተቀመጠ። በእንግዳ መቀበያው በእሳቱ አጠገብ አንድ ጥቁር ባሪያ ነበር፤ ሥራውም ቡና ማፍላትና መቅዳት ነበር። ፓልግሬቭ የሥራውን ሂደት ሳያቋርጥ ይዘረዝራል። ሰውየው ከሰሉን በወናፍ ያቀጣጥላል፤ ትልቁን ማፍያ ውሃ ሞልቶ ከእሳቱ ዳር ያኖራል። ከግድግዳው ጉድጓድ የተቋጠረ ጨርቅ አውጥቶ ሦስት አራት እፍኝ ጥሬ ቡና በሰፌድ ላይ ያፈስሳል፤ የጠቆረውን ፍሬ ይለቅማል። በብረት ጭልፋ እያማሰለ ይቆላል፤ ተንጣጥቶ ቀላ ሲል፣ ሳይጠቁር ያወጣዋል። በድንጋይ ሙቀጫ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት ይወቅጣል፤ አያልመውም። ሲፈላ ሄል ወይም ጥቂት ዛፍራን ይጨምራል፤ በመጨረሻም ማፍያው አፍ ላይ በተወተፈ የተምር ዛፍ ጭረት ያጠልለዋል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እናንት እህቶቼ፣ ከሙቀጫው እስከ ለቀማው እያንዳንዱን እርምጃ ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን ከምንሠራው የሚለየው ዕቃውና የቁላቱ ቀለም ነው። ፍንጃሉ ከግማሽ በላይ እንደማይሞላና መሙላትም እንደ ባለጌነት እንደሚቆጠር ያን ጊዜም ጽፎታል። ስለ ቡናው ዓይነት ሲናገር፣ ከየመኑ ቀጥሎ የሐበሻውን ያነሣል፤ አንዳንዶች የሐበሻውን እንደሚያስበልጡም አልሸሸገም።

የባሪያውን ስምም ጻፈ፦ ሱወይሊም። ሳሊም የሚለው ስም ማቆላመጫ ነው። ቡና የሚቀዳ ባሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ የማቆላመጫ ስም እንደሚጠራ፣ ይህም የቤተኝነትና የፍቅር ምልክት እንደሆነ ፓልግሬቭ ያስረዳል። ይሆናል። እመቤቲቱ ለመጥራት ስለከበዳት ስሟ የተቆረጠባት ወይም ሌላ ስም የተሰጣት እህት ግን ነገሩን በሌላ በኩል ታየው ይሆናል።

ከዘይላ፣ ከታጁራና ከምጽዋ ወደ የመንና ወደ ሒጃዝ በሚሻገሩ ጀልባዎች ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። በሳዑዲ ዐረቢያ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1962 ነው፤ ፓልግሬቭ በጋፊል ቤት ከተቀመጠ ልክ መቶ ዓመት በኋላ። ዛሬ በውል ተቀጥሮ፣ ደመወዝ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ከዚያ ባሪያ ጋር አንድ ነው ማለት ለሁለቱም እውነት አይሆንም። ደመወዟ ለወራት የተያዘባት፣ ፓስፖርቷ የተወሰደባት ግን ይህን ገጽ ስታነብ እንደ ሩቅ ታሪክ ማንበብ ትቸገራለች። በዓርብ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ከፔርሙዝ ቡና ስንካፈል እንዲህ ያሉትን አግኝቻቸዋለሁ። በዚያ ሲኒው እስከ አፉ ይሞላል፤ ማንም አይቆጣም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርላችሁ፤ በጋፊል ቤት ቡናው የተቀዳበት ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያውን ፍንጃል ሱወይሊም ለራሱ ቀድቶ በሁሉ ፊት ጠጣ፤ በማፍያው ውስጥ ሞት እንደሌለ ለማሳየት። ቀጥሎ ከእሳቱ አጠገብ ከተቀመጡት ጀምሮ እንግዶቹ በየተራ ጠጡ። ጋፊል፣ የቤቱ ጌታ፣ ከሁሉ በኋላ ከሱወይሊም እጅ ተቀበለ።