የአኩሪ አተር ወተት፦ መደበኛና ቅባቱ የተቀነሰ

የአኩሪ አተር ወተት የአኩሪ አተር ፍሬ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ፈልቶና ተጣርቶ የሚገኝ ነጭ መጠጥ ነው። ማፍላቱ የጥሬውን ፍሬ ጠረን ያለዝባል፤ ፕሮቲን በሆድ ውስጥ በደንብ እንዳይፈጭ የሚያግዱ ንጥረ ነገሮችንም ያዳክማል።

ስኳር ያልገባበት መደበኛ ዓይነት በአንድ ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር) 7 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 4 ግራም ያህል ቅባትና ከ80 እስከ 100 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። «ቀላል» የሚባለው ቅባቱ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ስለሚበዛበት ፕሮቲኑም ይቀንሳል። ስኳር ከተጨመረበት ግን ካሎሪው ከመደበኛው ላያንስ ይችላል።

ቀላሉ ቀዝቅዞ ለመጠጣትና ለአጃ ይስማማል። መደበኛው ወፈር ስለሚል ለክሬም ሾርባ፣ ለኬክና ለማኪያቶ ይመረጣል፤ ቶፉ የተባለውን የአኩሪ አተር አይብ ለማርጋትም የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ሁለቱም ትኩስና ኮምጣጣ ቡና ውስጥ ሊቋጠሩ ስለሚችሉ፣ ወተቱን አስቀድሞ ማሞቅና ቡናውን ቀስ በቀስ መጨመር ይረዳል።

ሁለቱም ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ በመሆናቸው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በጾም ወቅት በላም ወተት ምትክ ያገለግላሉ።